ዘለበት፣ አሁንም ዘለበት

ባሌ ሜርቪን ሦስት ክረምት ሙሉ ከጫካ ይዞ የገባው ዘለበት ብቻ ነው። የቀበቶ ዘለበት፣ የኮርቻ ዘለበት፣ የሴት ጫማ ዘለበት፣ የምን እንደሆነ ፈጣሪ ብቻ የሚያውቀው ዘለበት። ሁሉንም አጥቦ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። እኔ ቤት እንግዳ መጥቶ ብስኩት ብሎ እጁን ከሰደደ ለጥርሱ ኃላፊነት አልወስድም።

ከከተማችን ከታራንዳል ወጣ ሲሉ ያለው ጫካ፣ ያ ግንዱ የጠቆረ ባሕር ዛፍ የሞላበት ማለቴ ነው፣ በቅድመ አያቶቻችን ጊዜ ወርቅ ፈላጊ የፈላበት ቦታ ነበር። ድንኳን በድንኳን ነበር ይባላል። ሰዎቹ ወርቁን አግኝተውም አጥተውም ሄዱ፤ ከኪሳቸው የሾለከው ሳንቲምና ከሱሪያቸው የተበጠሰው ዘለበት ግን እዚያው አፈር ለብሶ ቀረ። አሁን ጡረታ የወጣ ወንድ ሁሉ ብረት የሚያሸት ማሽን ገዝቶ እሱን ሲለቅም ይውላል። ማሽኑ ረጅም ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ የድስት ክዳን የሚያህል ክብ ነገር አለው። መሬት ለመሬት እያወዛወዙት ሲሄዱ ከሥሩ የሆነ ነገር ካለ ይጮኻል። ለብረት ወፍራም ድምፅ፣ ለነሐስ መካከለኛ፣ ለብር ቀጭን ድምፅ ያሰማል። ይህን ያስረዳኝ ሜርቪን ነው፤ ሳልጠይቀው፣ በጋብቻችን በዓል ቀን፣ ራት ሊጋብዘኝ ወስዶኝ።

ማሽኑ ከሥሩ ያለው ምን እንደሆነ የሚያሳይ ስክሪንም አለው። ሜርቪን ግን በገዛው ማግስት ስክሪኑን በጥቁር ፕላስተር ለጠፈበት።

"ስክሪን የሚያየው ጆሮ የሌለው ሰው ነው" ይላል። "እኔ ዕድሜ ልኬን የባቡር ጎማ በመዶሻ እየመታሁ የተሰነጠቀውን በድምፁ የለየሁ ሰው ነኝ። ለኔ ደግሞ ስክሪን!"

እውነቱን ነው፤ ሥራው እሱ ነበር። ባቡር ጣቢያው ውስጥ መዶሻ ይዞ ከጎማ ጎማ እየዞረ ሲመታና ሲያዳምጥ ነው የኖረው። ከጆሮው በላይ የሚኮራበት ነገር አልነበረውም። እኔ ስጠራው ግን ያ ጆሮ የት እንደሚሄድ እንጃ። ከኩሽና "ሜርቪን!" እላለሁ፤ ጸጥ። ማንቆርቆሪያው እያፏጨ እስኪደርቅ ድረስ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነባል። ጓደኛው ኖርም ግን አጥር ማዶ ሆኖ ቢያጉተመትም ይሰማዋል። ባሌ ሲፈልግ የሚሰማ ሰው ነው ብዬ ነበር የደመደምኩት። እህቴ የሞተች ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ጋ ቆሜ፣ ማሽኑን አንግቶ ሲወጣ፣ አንድ ነገር ለምኜው ነበር። ዞር ብሎ እንኳን ሳያየኝ ሄደ። ብዙ ነገር ትቼለታለሁ፣ ያቺን ግን ይዤበታለሁ።

የማሽነኞቹ ማኅበር በየወሩ አንድ እሑድ በእግር ኳስ ክለቡ አዳራሽ ይሰበሰባል። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ላይ እያንዳንዱ ያገኘውን ያስቀምጣል፤ አባላቱ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ያሸነፈው አንድ ትሪ ሥጋ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የበግ ጎድን፣ ቋሊማ፣ ቤከን። ሊቀመንበሩ ኖርም ነው፤ የተማሪዎች አውቶቡስ ሲነዳ ያረጀ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ወፍራም ድምፅ ያለው ሰውዬ። ትሪውን ራሱ እየበላ ራሱ ሲሸልም ከርሟል።

በክረምቱ ማብቂያ ስብሰባ ላይ ሜርቪን እንደተለመደው ሁለት ዘለበት አስቀመጠ። ኖርም መነጽሩን አውልቆ፣ ጠርጎ፣ መልሶ አደረገ።

"ሜርቪን፣ ወንድሜ" አለ፣ "ያ ሸለቆ ውስጥ ሱሪው ያልወለቀ ሰው አልነበረም ማለት ነው?"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ፣ ያስቃላ። ሜርቪን ግን ብድግ አለ።

"ሙቀቱ መጥቶ እባብ ጫካውን ሳይዘጋብን የመጨረሻው ስብሰባ መቼ ነው?"

"የዛሬ ወር።"

"እስከዚያ አንድ የብር ሳንቲም ካላገኘሁ ማሽኑን ላንተ እሸጠዋለሁ።"

"በአካፋው ጭምር?" አለ ኖርም።

"በአካፋው ጭምር።"

መጀመሪያ የደነገጥኩት ለራሴ ነው። ባለፈው ሳምንት ዝናቡ አላስወጣ ብሎት አምስት ቀን ቤት ውሎ ነበር። ማንኪያዎቼን በቁመታቸው ደረደራቸው። ቅመሞቼ ላይ ስም ለጠፈባቸው፤ ጨውም ሳይቀር። ድንች ስልጥ ከትከሻዬ በላይ ቆሞ "ግዌኒ፣ ልጣጩ አልወፈረም?" አለኝ። ይህ ሰው ማሽኑን ሸጦ በጋ ከክረምት ቤት ሲውል ታየኝ፤ ከሁለት አንዳችን እስር ቤት እንገባለን አልኩ።

ከስብሰባው ተመልሰን ግን መኪናውን ጋራዥ ካስገባ በኋላ አልወጣም። ሻይ ቀዝቅዞበት ልጠራው ስሄድ በመስታወቱ አየሁት። ማሽኑን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ዘንጉን በመሐረብ እየወለወለ፣ ተቀምጧል። ሊሸኘው ያዘጋጀው ዘመድ ይመስል ነበር። አንጀቴን በላው። ይህ ሰው ማሽኑን ከሰጠ ሌላውንም ነገር ሁሉ አከታትሎ እንደሚሰጥ ገባኝ። ስለዚህ ሳንቲም ማግኘት አለበት፤ ጫካው ካልሰጠው እኔ እሰጠዋለሁ።

ኮሪደራችን ግድግዳ ላይ በደህናው ዘመን ያገኛቸው ሳንቲሞች በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተሰቅለዋል። ከታችኛው ረድፍ ጥግ ላይ አንድ ጠርዙ የተነከሰ የብር ሽልንግ አለ። ከሁሉም ያነሰ ስለመሰለኝ እሱን አወጣሁት። ቦታው ባዶ እንዳይሆን የሹራቤን ቁልፍ በቸኮላት ወረቀት ጠቅልዬ ሰካሁበት። ራቅ ብሎ ለሚያይ ቁርጥ ሽልንግ ነው።

ቀብሩ ቀላል ነበር። ሜርቪን ጫካ የሚሄደው እንደ ባቡር ሐዲድ ነው። ሸለቆውን በገመድና በችካል እየከፋፈለ፣ የነገውን መስመር ዛሬ ለክቶ ይመጣል። እኔ ቤተ ክርስቲያን አበባ ልቀይር ነው ብዬ ወጣሁና፣ በነገው መስመር መካከል የአንድ ጣት ጥልቀት ቆፍሬ ሽልንጉን አስተኛሁት። ቅጠል መለስኩበት። በማግስቱ ሜርቪን ከወጣ በኋላ በብስክሌቴ ተከተልኩት፤ ሲያገኘው ፊቱን ማየት አማረኝ።

ወቅቱ ጸደይ ነው፤ ጫጩት ያቀፈች ማግፓይ የምትባል ወፍ ደግሞ ፖስተኛም ቄስም አትምርም፣ ከኋላ መጥታ አናት ትበሳለች። እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው የአይስክሬም ባልዲ ጭንቅላቴ ላይ ደፍቼ፣ ወፏን እንዲያስፈራራ ከኋላው ሁለት ትልልቅ ዓይን ስዬበት ነበር። እንደዚያ ሆኜ ከአንድ ወፍራም ግንድ ጀርባ ተለጠፍኩ።

ሜርቪን የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ፣ ማሽኑን ግራ ቀኝ እያወዛወዘ መጣ። ቀረበ። ሽልንጉ ላይ ደረሰ። አለፈው።

እንዴ! ምናልባት አንዱ ሌባ ቀድሞኝ ይሆናል ብዬ እሱ ራቅ ሲል ሮጬ ቆፈርኩ። ሽልንጉ እንዳስተኛሁት ተኝቷል። ጠለቅ ብሎበት ይሆናል አልኩና ለማግስቱ መስመር የጥፍር ጥልቀት ብቻ ቀበርኩት። በማግስቱም አለፈው። ያንን ቀን ከመናደዴ የተነሳ ራት ላይ ድንቹን ከነልጣጩ አቀረብኩለት።

ሦስተኛው ቀን ላይ መቅበሩንም ተውኩት። ሽልንጉን መሬት ላይ አስቀምጬ አንድ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጣል አደረግሁበት፤ ከዚህ በላይ እጁ ላይ ማስቀመጥ ነው የሚቀረኝ። ሜርቪን እየመጣ ሳለ የጆሮ ማዳመጫው ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ያዘውና ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ተሳደበ፤ ስድቡን እዚህ አልጽፈውም። ማዳመጫውን ነቅሎ ኪሱ ከተተና በማሽኑ በራሱ ድምፅ ቀጠለ። አሁን እሱ የሚሰማውን እኔም እሰማለሁ።

ክቡ ነገር ሽልንጉ ላይ ሲደርስ ማሽኑ ጮኸ። ጩኸት ስላችሁ እንደ ማንቆርቆሪያ ፉጨት ቀጥ ብሎ ጆሮ የሚበሳ ነው። ከላዬ የነበረችው ማግፓይ ተነስታ በረረች። ማዶ የተኛ ካንጋሮ ቀና አለ። ሜርቪን ግን ለራሱ እያፏጨ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ አለፈ።

ትንሽ እልፍ እንዳለ ማሽኑ "ብርርር" አለ፣ ወፈር ባለ ድምፅ። ያኔ ሜርቪን ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ፣ ተንበርክኮ መቆፈር ጀመረ። ዘለበት። አወጣው፣ ተነፈሰ፣ ኪሱ ከተተው። ጉድጓድ ከፍቶ መሄድ ነውር ስለሆነ አፈሩን በጥንቃቄ መለሰ፤ የተረፈውን ጭብጥ አፈር ደግሞ ወደ ኋላ በተነው። ሽልንጌን ቀበረው።

እኔ ከግንዱ ጀርባ፣ ባልዲዬን እንደደፋሁ፣ ቁጭ አልኩ። ሰውየው አልሰማውም። ቀጭኑን ድምፅ አይሰማም። ሦስት ክረምት ሙሉ በብር ላይ ሲራመድ ኖሮ የሚሰማው ዘለበቱን ብቻ ነው። ከዚያ ማንቆርቆሪያው ትዝ አለኝ። የጭስ ደወሉ ሲጮህ እኔ ፎጣ ሳራግብ እሱ "ምን ሆነሽ ነው የምትጨፍሪው?" ያለኝ ቀን ትዝ አለኝ። የኔ ድምፅ ደግሞ ቀጭን ነው፤ በመዘምራን ውስጥ ላይ ላዩን የምወስደው እኔ ነኝ። ለሦስት ዓመት የተጣላሁት ሰው ግማሹ ጠብ ላይ አልነበረም ማለት ነው። መሣቅም ማልቀስም አማረኝና ሁለቱንም አንድ ላይ አደረግኋቸው። ወፏ ተመልሳ ባልዲዬን ስትመታ ነው የተነሳሁት።

ያን ቀን ማታ ራት ላይ ሞከርኩት። ከጀርባው ቆሜ በተለመደው ድምፄ "ሜርቪን፣ መኪናውን ሸጥኩት" አልኩ። ሾርባውን ጠጣ። "ከሥጋ ሻጩ ጋር ልጠፋ ነው" አልኩ። ዳቦ ቆረሰ። ከዚያ ድምፄን እስከ ሆዴ አውርጄ፣ እንደ ኖርም፣ "ጨው አቀብለኝ" አልኩት።

"ይኸው" አለ። "ምነው፣ ጉንፋን ያዘሽ እንዴ?"

ነገሩን ከዚያው አያያዝኩት። "ሜርቪን፣ ጆሮህን ለምን ሐኪም አያየውም?"

ማንኪያውን አስቀመጠ። "ጆሮዬ ምን ሆነ?"

"እንዲያው ለማንኛውም ብዬ ነው።"

"ለማንኛውም አትበይኝ! ጆሮዬን አትንኪ። ማሽኑን ለኖርም የሰጠሁ ለት ያኔ ጆሮዬንም፣ ጥርሴንም፣ የፈለግሽውን ነቅለሽ ለሐኪም ስጪ። እስከዚያ ድረስ ሰው ነኝ።"

ይህን ብሎ ተነስቶ ሄደ። እንደዚያ ያለን ሰው ደንቁረሃል ብዬ ልነግረው ድፍረቱን አጣሁ። የመጨረሻው ስብሰባ ደግሞ ሊደርስ ነው። ቢያሳፍረኝም አንድ የሚረዳኝ ሰው ብቻ ነበር።

ኖርም መጋዘኑ ውስጥ ሳንቲም ሲያጥብ አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ ስለ ሱሪው የቀለደው ትዝ ብሎት መሰለኝ ፊቱ ቀላ። ቆይቶ ግን ነጋዴነቱ መጣበት።

"ድምፁን መቀየር ይቻላል" አለ። "ብሩም በዘለበቱ ድምፅ እንዲጮህ ማድረግ ነው፤ ማሽኑ ውስጥ አለ። ግን ግዌንዳ፣ እኔ ምን አገባኝ? ዝም ካልኩ እሑድ ማሽኑ የኔ ነው።"

"ልክ ነህ" አልኩት። "ማሽኑን ስትወስድ ታዲያ ሰውየውንም ትወስዳለህ። በየጠዋቱ እደጅህ አደርስልሃለሁ።"

"እንዴት ማለት?"

"መጋዘንህን ያስተካክልልሃል። እነዚህ መፍቻዎች በቁመታቸው አልተደረደሩም እኮ። ሳንቲም ስታጥብ ከትከሻህ በላይ ቆሞ ውኃው አልበዛም ወይ ይልሃል።"

ኖርም ዙሪያውን መጋዘኑን አየ። "ሙሉ ቀን?"

"ምሳውን አስይዤ።"

ትንሽ አሰበና እጁን በሱሪው ጠረገ። "ዓርብ እመጣለሁ። አንቺ ከጋራዡ አርቀሽ ያዢልኝ።"

ዓርብ ዕለት ለትዳሬ ስል የከፈልኩትን ልንገራችሁ። ሜርቪንን ኩሽና አስገብቼ፣ በወፍራም ድምፄ፣ "እስቲ ቁም ሳጥኑን እንዴት ባደርገው ይሻላል?" ብዬ ጠየቅሁት። ፊቱ በራ። ሩዙ ከዱቄቱ ፊት መሆን እንዳለበት፣ ዱቄቱ ደግሞ ለምን በመደርደሪያው ቀኝ መቀመጥ እንዳለበት አስረዳኝ። የኖርም መኪና ሲሄድ እስክሰማ ድረስ "እውነትህን ነው" ስል ቆየሁ።

ቅዳሜ ሜርቪን በጠዋት ወጣ። እኔ አልተከተልኩትም፤ ቤት ቁጭ ብዬ ጥፍሬን በላሁ። አመሻሽ ላይ ተመለሰ። ሰላም ብሎኝ በቀጥታ ወደ እቃ ማጠቢያው ሄደ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ የሆነ ነገር ለረጅም ጊዜ አጠበ፣ በካልሲው ውስጥ ቋጥሮ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። መስታወት ሣጥኑ ፊት ብዙ ቆየ።

"አገኘህ?" አልኩት፣ ድምፄን ማውረድ እንኳ ረስቼ።

በላ፤ ተኛ። እኔ ሌሊቱን በዓይኔ አነጋሁት።

እሑድ አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ማሽን ሲሸጥ ማየት የማይወድ የለም። ኖርም አንድ የወርቅ ቀለበት አስቀምጧል፣ የሥጋው ትሪ ከጎኑ ነው። የሜርቪን ተራ ሲደርስ ካልሲውን ፈትቶ ጨርቁ ላይ ደፋው። ሳንቲሞቹ ተንከባለሉ። ስድስት ፔኒ የሚባሉት ትንንሽ የብር ሳንቲሞች፣ የነሐስ ፔኒዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ የዘንባባ ቅጠል ጌጥ ያለበት ትልቅ የብር ሳንቲም፣ የወጣቷ ንግሥት ቪክቶሪያ መልክ ያለበት። እነዚህን እኔ አልቀበርኳቸውም። ሦስት ክረምት እየጮሁ ሲጠብቁት የኖሩ የራሱ ናቸው። አንዱ አጨበጨበ፣ ከዚያ ሁሉም።

ሜርቪን እጁን አነሳ። ከኪሱ አንድ ሽልንግ አውጥቶ ከሌሎቹ ለይቶ አስቀመጠ።

"ይሄኛው ለውድድር አይደለም" አለ።

"ለምን?" አለ ኖርም።

"ይሄን ድሮ አግኝቼዋለሁ። የመጀመሪያ ማሽኔን የገዛሁ ለት። ጠርዙን የነከሰው የኔ አካፋ ነው። ከዚያ ወዲህ ኮሪደሬ ግድግዳ ላይ ነበር። ጫካ የሄደው በእግሩ አይደለም።" ከሌላው ኪሱ በቸኮላት ወረቀት የተጠቀለለ የሹራብ ቁልፍ አወጣና ከሽልንጉ ጎን አኖረው። "በምትኩ ይሄ ተቀምጦ አገኘሁ።"

አዳራሹ በሙሉ ወደኔ ዞረ። ሹራቤን ለብሼው ነበር፤ አንድ ቁልፉ የለም። እጄን ደረቴ ላይ ባደርግም ጊዜው አልፏል።

"ደንቡ" አለ ኖርም ሳቁን ውጦ፣ "ሚስት ስለቀበረችው ሳንቲም ምንም አይልም። ወደ ድምፅ መስጠቱ እንለፍ።"

ሜርቪን አሸነፈ። ኖርም ትሪውን ሲያስረክብ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር አንሾካሾከ። ሜርቪን ሰማው፤ የኖርምን ሁሌም ይሰማዋል፤ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ወደ ቤት ስንመለስ ሥጋው ጉልበቴ ላይ ነበር። ቋሊማው በፕላስቲኩ ውስጥ እየቀዘቀዘ ጭኔን ያስበርደኛል። ሜርቪን ጫካውን እየታከከ ነዳ። እኔ መስኮቱን እያየሁ የምቀበለውን ስድብ አዘጋጀሁ።

"ሽልንጉን ሸጠሽው መስሎኝ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ሣጥኑን በየሳምንቱ ነው የምወለውለው። ቁልፉን ያየሁት ያኔውኑ ነው። በቃ፣ ግዌኒ ተስፋ ቆርጣ ንብረቴን መሸጥ ጀመረች አልኩ። አልተቀየምኩሽም።"

"አብደሃል እንዴ!" አልኩ፣ ወፍራሙን ድምፅ ይዤ።

"ዛፍ ጀርባ ዓይን የተሳለበት ባልዲ አይቻለሁ። የማን ምስኪን ባልቴት ናት ብዬ አዘንኩ።"

"ምስኪን ባልቴት እናትህ!"

ሳቀ። ከሳቀልኝ ቆይቷል። ከዚያ መኪናውን አዘገመ።

"ፕላስተሩ ቅዳሜ ጠዋት ተጣሞ አገኘሁት። ኖርም ቀጥ አድርጎ መለጠፍ አይችልም። አንስቼ ውስጡን አየሁ፤ ድምፁን ምን እንዳደረገው ገባኝና ያለፍኩባቸውን መስመሮች እንደገና ሄድኩባቸው። ለምን እንዳደረገው ግን ሽልንጉን እስካወጣው ድረስ አልገባኝም ነበር።" መሪውን ጨበጥ አደረገ። "ስንት ጊዜ አለፍኩት?"

"ሦስት።"

"ይጮህ ነበር?"

"ወፏ ሸሽታለች፣ ሜርቪን።"

መኪናውን ከመንገዱ አውጥቶ ከባሕር ዛፎቹ ሥር አቆመው። ፊቱን አልመለሰም፤ ጆሮው ብቻ ወደኔ ነበር፣ ያ የሚኮራበት ትልቅ ጆሮ።

"ነገ ሐኪሙ ጋ ትወስጂኛለሽ" አለ።

"እወስድሃለሁ።"

"ማሽኑን ኖርም አስተካከለው። መሬት ውስጥ የቀረብኝን እለቅማለሁ።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ካንቺ ያልሰማሁት ግን... እሱስ ስንት ነው?"

ልቀልድ አፌን ከፍቼ ነበር። ስለ ማንቆርቆሪያው፣ ስለ ሥጋ ሻጩ ልነግረው። ያች መስኮት መጣችብኝ፤ ጀርባው፣ የበሩ መዘጋት፣ እኔ ብቻዬን ባዶው ክፍል ውስጥ። ያን ሁሉ ጊዜ የያዝኩበት ነገር ሟሟ።

"ብዙ ነው" አልኩት። "ከየት ልጀምርልህ?"

"ከከበደው።"

"ሥጋው ይበላሻል።"

"ይበላሽ።"

ትሪውን ወደ ኋላ ወንበር አሻገርኩና ወደሱ ዞርኩ። ድምፄን የቻልኩትን ያህል ዝቅ አደረግሁ።

"እህቴ የሞተች ሰሞን" አልኩ፣ "መስኮቱ ጋ ቆሜ፣ ስትወጣ፣ ዛሬ እንኳ ብቻዬን አትተወኝ ብዬህ ነበር።"

ሜርቪን እጁን ሰዶ ሞተሩን አጠፋ።

"ድገሚልኝ" አለ።